ሚንሃል የማን ልጅ ነው?

በቂርያት መላኪ፥ በሦስተኛው መደዳ፥
ከሕንጻው በስተጀርባ፥ ከቆሻሻው ገንዳ
አለፍ ሲሉ አለች፥
አራት እርምጃ መሬት፤ ስፋቷን ብትሉኝ ከበር ትጠባለች።
ጠርሙሱን ለቅሞላት፥ ሲሚንቶ ፍቆላት፥
አጎቴ ጀንበሩ ጎንበስ ብሎ ከረመላት፤
ጎመን ነው፥ ቃሪያ ነው፥ አንድ ፈር በቆሎ፤
ውኃውን ከሦስተኛ ፎቅ በጀሪካን አዝሎ።

ሰኞ ጠዋት ሲወርድ፥ ቢጫ ወረቀት አገኘ፥ ከበቆሎው ተሰክቶ፤
"አንብቢልኝ" አለኝ፥ ሁለት ጊዜ ያጠፈውን ከኪሱ አውጥቶ።
"ይህ ቦታ የመንግሥት፥ አስተዳዳሪው ሚንሃል፤
በሠላሳ ቀን ውስጥ የበቀለው ሁሉ ይነቀላል።"
ምን ብዬ ልተርጉም? ምላሴ ተያዘ፤
"ስለ ጎመንህ ነው" አልኩት፤ ሌላው ጉሮሮዬ ላይ ደነዘዘ።
እሱ ግን አልተሞኘም፤ ወረቀት ያውቃል፤
ቢጫ ሆነ ነጭ፥ ከሥሩ ማኅተም ካለው መሬት ያስለቅቃል።

ወገራ ነው ያደገው። አባቱ ጭሰኛ፤
ግማሹን ለባለርስት፥ ከግማሹም ለዳኛ፥
በተረፈው ጥሬ ስምንት ልጅ ሲያሳድር፤
ለአገሩ ማረሻ የቀጠቀጠ እጅ፥ ማረሻ የሚያስገባበት አልነበረው ምድር።
"የአባትህ አባት ማነው?" ይሉት ነበር ርስት ሲጠይቅ፤
"ቀጥቃጭ" ብሎ ሲመልስ፥ ሸንጎው በሳቅ ሲወድቅ።

ኋላ አዋጅ መጣና፥ ገመድ ይዘው ለኩ፤
ሦስት ጥማድ ደረሰው፤ ጎረቤቶቹ በሌሊት ድንበሩን ነካኩ።
ሲነጋ ድንጋዩን መለሰ፥ ሲመሽ ፈለሰ፤
ድንጋይ ሲመላለስ ዘጠኝ ዓመት ደረሰ።
ከዚያ በሱዳን በኩል፥ በእግር። እርሻውን ማን እንደ ወሰደው አልጠየቀም፤
"ርስት በሺህ ዓመቱ" ብሎ ሰው ሲተርት፥ አጎቴ አይስቅም።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ልጅ እግር ነው፥ ናዖር ይባላል፤
በዘንግ ጫፍ የታሰረች ጎማ እያንከባለለ ቁጥር ይመዘግባል።
"የሚንሃል መሬት ነው" አለ፥ አንገቱን ሰበር አድርጎ፤
አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፥ ልክ እንደ ሸንጎ፤
"መልካም። ሚንሃል የማን ልጅ ነው?
አያቱስ ማን ይባላል? እሾሁን የመነጠረው?
ወንድም እኅት የለውም፥ ድርሻ የሚካፈለው?"
ተረጎምኩለት። ያን ቀን አንዲት ቃል አልዋጥኩም።
ናዖር ሊስቅ ጀመረና ተወው። "እኔ እንጃ፥ አባቱን አላውቅም።
የእኛም ቤት መሬቱ በኪራይ ነው፥ አርባ ዘጠኝ ዓመት፤
አባቴ የፈረመው፥ እኔ ሳልወለድ፥ ድሮ በልጅነት።"
"አርባ ዘጠኝ? ከዚያስ?" "ከዚያማ ይታደሳል።"
"ጭሰኛ ነሃ ልጄ! ግድ የለም። ጭሰኛም ጥሩ ያርሳል።"
ይህቺን ግን ዋጥኳት።

ቀኑ ሊሞላ ሁለት ሌሊት ሲቀር፥
ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፥ ባልዲ ከባልዲ ሲማከር።
አጎቴ ከፊት፥ የወንድሜ ልጆች በካልሲ ከኋላ፤ ማንም አልተናገረ፤
አፈሩ ከነትሉ፥ ጎመኑ ከነሥሩ
በረንዳችን ላይ፥ አሮጌ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰፈረ።
"ምን ማድረግህ ነው?" ብለው፥ "መሬቱን አልነካሁ፤
ያው እታች ተኝቷል፤ አፈሩን ነው ያነሣሁ።"

ናዖር ተመልሶ መጣ፤
ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመ፥ ጎማዋን በእጁ እንዳንጠለጠለ።
መዝገቡ ላይ ምን ብሎ እንደ ጻፈ አላየሁም፤
ቀና ብሎ ግን ወደ እኛ በረንዳ ቆየ፥ እያስተዋለ።

ያኔ ነው ሉድሚላ፥ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው፥ በመስኮት የጮኸችው፤
የታጠበ አንሶላዋን ጭቃ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ሲያጨቀየው፤
"የማን ነው ይሄ? የማን ነው?"

አጎቴ በብረቱ ላይ ጎንበስ አለ።
"የእኔ" አላት።
በዕብራይስጥ።
ያችን ቃል ማን እንዳስተማረው እንጃ።